ምዕራፍ ሰባት፦ በቆልትና ብቅል

በዲሴምበር 1915 የኦቶማን ጦር በጤግሮስ ወንዝ ዳር ያለችውን ኩት የተባለች የሜሶጶጣሚያ ከተማ ከበባት። ከውስጥ የተዘጋባቸው በጄኔራል ታውንሼንድ የሚመሩ የእንግሊዝና የህንድ ወታደሮች ነበሩ። ከበባው እስከ ኤፕሪል 29 ቀን 1916 ዘለቀ፤ በመጨረሻ ረኀብ አሸነፋቸውና እጃቸውን ሰጡ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው ረኀቡ ብቻ አልነበረም። በአንድ ከተማ ታግተው፣ ከአንድ ወንዝ እየጠጡ፣ ሁለቱ ወገኖች በሁለት የተለያዩ በሽታዎች ወደቁ። እንግሊዞቹን ቤሪቤሪ ያዛቸው፤ እግራቸው አበጠ፣ ደነዘዘ፣ ልባቸው ደከመ። ህንዶቹን ስከርቪ ያዛቸው፤ ድዳቸው አብጦ ይደማ ጀመር፣ ቆዳቸው በለዘ፣ የዳነ ቁስላቸው እንደገና ተከፈተ። ልዩነቱን ያመጣው የሚበሉት ነበር። እንግሊዞቹ የነጭ ዱቄት ዳቦ ይበሉ ነበር፤ ቤሪቤሪን የሚከላከለው ቫይታሚን ቢ1 ከፉርሽካው ጋር ተበጥሮ ወጥቷል። ነገር ግን ፈረስ እያረዱ ይበሉ ስለነበር ከስከርቪ ተርፈዋል፤ ትኩስ ሥጋ ጥቂትም ቢሆን ቫይታሚን ሲ አለው። ህንዶቹ ደግሞ አታ የሚባለውን ከነፉርሽካው የተፈጨ ዱቄት ስለሚጋግሩ ቤሪቤሪ አልደረሰባቸውም። የፈረስ ሥጋ ግን ሃይማኖታቸውና ልማዳቸው ስለማይፈቅድ አብዛኞቹ ከበባው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ አልቀመሱትም።

ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ ለኛም ቅርብ ነው። ሎሚ የማይደርስበት፣ ጎመን የማይበቅልበት፣ ሥጋ የሌለበት ቦታ ላይ በእህልና በጥራጥሬ ብቻ የሚኖር ሰው ቫይታሚን ሲ ከየት ያገኛል? ደረቅ ስንዴ የለውም። ደረቅ ባቄላና ምስርም ያላቸው ከምንም የማይሻል ነው። መልሱ ግን እዚያው ጆንያ ውስጥ ነበረ፤ የሚያስፈልገው ውሃና ሁለት ሦስት ቀን ነው።

ይህን በሙከራ ያረጋገጡት ለንደን በሚገኘው ሊስተር ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ሴት ተመራማሪዎች ናቸው። ዋነኛዋ ሐሪየት ቺክ ትባላለች። በ1905 ወደ ተቋሙ ለመግባት ስታመለክት፣ ሴት መሆኗን በመቃወም ሁለት ባልደረቦች ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ኃላፊው አልሰማቸውም፣ እሷም ገባች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ የሚላከው ስንቅ ከየትኛው በሽታ እንደሚያድንና ከየትኛው እንደማያድን የመመርመሩ ሥራ በእሷና በማርጋሬት ሂዩም እጅ ወደቀ። በ1919 ደግሞ ከዕፅዋት ተመራማሪዋ ከኤለን ማሪዮን ዴልፍ ጋር ሆና ስለ ደረቅና ስለ ጎነቆለ ጥራጥሬ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ።

በዚያን ጊዜ ቫይታሚን ሲን ያየው ሰው አልነበረም። ሀንጋሪያዊው ሴንት-ጂዮርጂ ንጥረ ነገሩን ነጥሎ ለማውጣት ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር። ስለዚህ መለኪያው እንስሳ ነበር፤ ጊኒ ፒግ የምትባለው ትንሽ እንስሳ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ መሥራት አትችልም። ኖርዌያውያኑ ሆልስትና ፍሮሊክ ይህን በ1907 ደርሰውበታል፤ የአገራቸው ልጅ ቫለንቲን ፉርስትም በ1912 ደረቅ ጥራጥሬ ጊኒ ፒግን ከስከርቪ እንደማያድንና ሲጎነቁል ግን እንደሚያድን አሳይቶ ነበር። ቺክና ዴልፍ ይህን በልኬት አጠናከሩት። ለእንስሶቹ አጃ፣ ፉርሽካና በኃይለኛ ሙቀት የቆየ ወተት ይሰጧቸዋል፤ ይህ ብቻ ከሆነ በስከርቪ ይሞታሉ። ደረቅ አተር ወይም ምስር ሲጨመርላቸውም አይድኑም። ያው አተርና ምስር 24 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ጎንቁሎ ሲሰጣቸው ግን ይድናሉ።

በሰው ላይስ? በ1918 ዊልትሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ የሰርቢያ ወታደሮችን በሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን የሎሚ ጭማቂ፣ ለሌላው የጎነቆለ ቦሎቄ ሰጠ፤ በአጭር ጊዜ ቀቅሎ። የቦሎቄው ወገን ከሎሚው ወገን አላነሰም። ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። የሎሚን ዝና ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘሩ ይህን ለምን እንደሚያደርግ ሲታወቅ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ለእኛ ብሎ አይደለም። ደረቅ ዘር ሕይወት አለው፣ ግን ሥራ አይሠራም፤ ውሃው ከመቶ አስር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ እስትንፋሱም ከመጥፋት አንድ እርምጃ ነው ያለው። በዚህ ሁኔታ ቫይታሚን ሲ አያስፈልገውም፤ ቢኖረውም አይቆይለትም፣ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነውና። እናት ተክሏ ያኖረችለት ስታርችና ፕሮቲን ለረጅም መንገድ እንደተቋጠረ ስንቅ ነው፤ ሳይበላሽ እንዲቆይ ደርቆ የተዘጋጀ።

ውሃ ሲነካው ሁሉም ነገር ይለወጣል። ባቄላን ዘፍዝፋችሁ ብታዩት በመጀመሪያው ሌሊት ቆዳው ይሸበሸብና ቆይቶ ይወጠራል፤ ክብደቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ውሃው ተደፍቶ በእርጥብ ጨርቅ ሲሸፈን፣ በሁለተኛው ቀን ከጥቁሩ ጠባሳ አጠገብ ቆዳው ይሰነጠቅና ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። ያ ሥሩ ነው፤ ግንዱና ቅጠሉ በኋላ ነው የሚመጡት። በሦስተኛው ቀን የጣት ጥፍር ያህል ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ባቄላው ኦክስጅን በብዛት እየሳበ፣ የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር እየቀየረ ነው። ጠላ የሚጠምቁ ሰዎች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ የተዘፈዘፈው ገብስ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበት ሲያድር፣ በማግስቱ እጅ ሲገባ ትኩሳቱ ይሰማል። ያ ትኩሳት የሚሊዮን ትናንሽ ፅንሶች እስትንፋስ ነው።

መተንፈስ ሲጀምር ደግሞ አደጋ አለው። ኦክስጅን በሚነድበት ሴል ውስጥ ሁሉ ሽፋንና ፕሮቲን የሚያበላሹ ፍንጣቂ ውህዶች ይፈጠራሉ። ተክል እነሱን የሚያመክንበት ዋነኛው መሣሪያ ቫይታሚን ሲ ነው። ስለዚህ የነቃው ዘር ከስኳሩ ላይ ወስዶ በብዙ ደረጃ እየለወጠ ቫይታሚን ሲ ይሠራል። የመጨረሻውን ደረጃ የሚያከናውነው ኢንዛይም የሚገኘው በሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም መተንፈሱ በሚካሄድበት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እሳቱና ማጥፊያው በአንድ ጓዳ መሆናቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እኛ ሰዎች ከስኳር ቫይታሚን ሲ የምንሠራበት የራሳችን መንገድ ነበረን፤ የመጨረሻውን ደረጃ የሚሠራው ዘረ መል ግን በሩቅ ቅድመ አያቶቻችን ዘመን ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ፍጡር ሥራ ነው የምንኖረው።

ቁጥሩን እንመልከት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው 100 ግራም ደረቅ ምስር 4.5 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው፤ 100 ግራም የጎነቆለ ጥሬ ምስር 16.5 ሚሊ ግራም። አራት እጥፍ እንኳ አልሞላም፣ ብሎ የሚያልፍ አለ። ነገር ግን የጎነቆለው ምስር ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ዘፍዝፈን ስናጎነቁለው ክብደቱ ከ250 ግራም ያልፋል። ስለዚህ ከዚያው ከአንድ ስኒ ምስር የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ከ4.5 ወደ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ወጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 45 ሚሊ ግራም ይመክራሉ።

ስከርቪን ለመከላከል ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ያነሰ ይበቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ፣ ኅሊናችን ስለማይፈቅድ አንዋጋም ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው ለወራት ቫይታሚን ሲ የሌለው ምግብ እየበሉ ምርምር ተካሄደባቸው። በቀን 10 ሚሊ ግራም ብቻ የተሰጣቸው ስከርቪ አልያዛቸውም፤ የያዛቸውም በዚያው መጠን ዳኑ። ዛሬ እንደ ቀላል የምንጠቅሰው ቁጥር በእነዚያ ሰዎች ቁስልና ድድ የተገኘ ነው። 10 ሚሊ ግራም ማለት ከላይ ባለው ሂሳብ አንድ እፍኝ የማይሞላ የምስር በቆልት ነው።

እዚህ ላይ በጥራጥሬና በእህል መካከል ያለው ልዩነት መነገር አለበት። ምስር፣ አተር፣ ማሾና ባቄላ በቫይታሚን ሲ ለጋስ ናቸው። ስንዴ አይደለም፤ 100 ግራም የጎነቆለ ስንዴ 2.6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው ያለው። «የበቀለ እህል ሁሉ መድኃኒት ነው» የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ይቆማል።

ሌሎቹ ቫይታሚኖችስ? የእያንዳንዳቸው ዕጣ የሚወሰነው አዲሱ ቡቃያ ለሥራው በሚፈልገው ነው። ፎሌት ይጨምራል፤ ሴል ሲከፈል ዲኤንኤ ለመሥራት የግድ ያስፈልጋልና። በ2007 በታተመ የጀርመን ጥናት የስንዴ ፎሌት ከ102 ሰዓት በኋላ እስከ 3.6 እጥፍ ደርሶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በሀገራችን የፎሌት እጥረት የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። የአከርካሪና የአንጎል ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ መሆኑን በተለያዩ ክልሎች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ያ ክፍተት የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ ብዙዋ እናት ማርገዟን ከማወቋ በፊት ነው። የጎነቆለ ባቄላ የዕለት ፎሌቷን ያሳድግላታል፤ ሐኪም የሚያዝላትን የፎሊክ አሲድ እንክብል ግን አይተካም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ፎሌት በውሃ የሚሟሟ በመሆኑም የተቀቀለበት ውሃ ሲደፋ አብሮ ይደፋል።

ቫይታሚን ቢ2 ብዙውን ጊዜ ይጨምራል፤ የመተንፈሻው ኢንዛይሞች ያለ እሱ አይሠሩም። ቢ1 ግን እምብዛም ንቅንቅ አይልም፤ ዘሩ ከመጀመሪያው አከማችቶት ስለነበር ያንኑ ይጠቀምበታል እንጂ አዲስ አይጨምርም። አንዳንዴ በመዘፍዘፊያው ውሃ አብሮ ይሄዳል። ለቫይታሚን ኤ መነሻ የሚሆነው ካሮቲንና ቫይታሚን ኬ የሚመጡት ቡቃያው ብርሃን አይቶ ሲያረንጉድ ነው፤ በጨለማ፣ በቅጠል ስር የጎነቆለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ጨርሶ አይገኝም። ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ ተክል አይሠራውም፣ ስለማያስፈልገውም ሲጎነቁልም አይፈጥረውም። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው በበቆልት ሊተማመን አይገባም።

ከቫይታሚን ወጣ ቢልም አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ዘሩ ሲነቃ ፋይቴት የተባለውን ውህድ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያንቀሳቅሳል። ፋይቴት ብረትንና ዚንክን አስሮ ይዞ በአንጀታችን ሳይመጠጡ እንዲያልፉ የሚያደርግ ነው። ጥራጥሬው ሲጎነቁል ይህ እስር ይላላል፤ አዲሱ ቫይታሚን ሲም የዕፅዋት ብረት በቀላሉ እንዲመጠጥ ይረዳል። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ፍሬ ውስጥ በአንድ ጊዜ መሆናቸው፣ በጤፍና በጥራጥሬ ለሚኖር ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ብቅል እንምጣ፤ ብዙ ሰው በቆልትና ብቅል አንድ ይመስሉታልና። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ናቸው። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይሸፈናል፣ ይጎነቁላል። ከዚያ መንገዳቸው ይለያያል፦ ብቅሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ሥሩ በእጅ ሲታሽ እስኪረግፍ ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያም ይፈጫል። ለጠላና ለአረቄ የሚፈለገው ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዛይም ስለሆነ ማድረቁ ለዚያ ሥራ አይጎዳም። ቢ2ና ሌሎቹም የቢ ወገኖች በአብዛኛው ይተርፋሉ። ቫይታሚን ሲ ግን በአየርና በሙቀት ይጠፋል።

ይህን ልዩነት አለማወቅ የብዙ መርከበኞችን ሕይወት አስከፍሏል። ጄምስ ሊንድ የተባለው የባሕር ኃይል ሐኪም ብርቱካንና ሎሚ ስከርቪን እንደሚያድኑ በ1747 በመርከብ ላይ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን በ1764 ዴቪድ ማክብራይድ የተባለ አየርላንዳዊ ሐኪም ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ ስከርቪ የሰውነት መበስበስ ነው፤ በሰውነት ውስጥ እየፈላ ጋዝ የሚለቅ የብቅል ጭማቂ መበስበሱን ይገታዋል አለ። ሐሳቡ መሠረት አልነበረውም፤ ብቅል ግን ርካሽ ነው፣ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1768 ለሦስት ዓመት ጉዞው ሲነሳ ብቅል ተጫነለት። ሲመለስ በስከርቪ የሞተበት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከቀጣዩ ጉዞው በኋላም በ1776 የንጉሣዊው ሳይንስ ማኅበር ትልቁን ሜዳሊያ ሲሰጠው ብቅሉ በግንባር ቀደምትነት ተመሰገነ። የመርከበኞቹን ሕይወት ያተረፈው ግን ኩክ በየወደቡ ባረፈ ቁጥር ሰዎቹን እያስገደደ ያስበላቸው የነበረው ትኩስ ቅጠላ ቅጠል ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ ማደል የጀመረው በ1795 ነው፤ ከሊንድ ሙከራ በኋላ 48 ዓመት አለፈ። ያ ገብስ ከመድረቁ በፊት፣ እርጥብ ቡቃያውን ቢበሉት ኖሮ ጥቂትም ቢሆን ይጠቅማቸው ነበር።

የበቆልቱ የራሱ ጉዳት ደግሞ ምድጃ ላይ ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀትን፣ አየርንና ውሃን አይችልም። የጎነቆለ ባቄላ እንደ ንፍሮ ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ብዙው ይሄዳል፤ ምጣድ ላይ እንደ ቆሎ ሲቆላ የሚተርፈው በጣም ትንሽ ነው። በአጭሩ የተጠበሰ የምስር በቆልት በዚያው የአሜሪካ ሰንጠረዥ 12.6 ሚሊ ግራም ይዟል፤ ያም ጥሩ ነው። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ በቆልቱ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይሆን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመር፤ ድስቱ ይከደን፤ ምስርና ማሾ ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል፣ ባቄላ ትንሽ ይቆያል፤ ውሃው አይደፋ፤ የደረሰውም ወዲያው ይበላ። ለጾም ወጥ የሚሆን ከሆነ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ታዲያ ጥሬውን ብንበላው አይሻልም? አይሻልም። ለፅንሱ የተመቸው ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም የተመቸ ነው። በ2011 በጀርመን አገር ከ3,800 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ50 በላይ የገደለው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ የተነሳው ጥሬውን ከተበላ የአብሽ በቆልት ነው፤ አብሹ ከግብፅ የገባ ነበር። በኩላሊት መድከም የተጎዱት ብዙዎቹ ጤነኛና ወጣት ሰዎች ነበሩ። እናቶቻችን በቆልትን ቀቅለው ወይም ቆልተው ማቅረባቸው ጥቂት ቫይታሚን ያስቀራል፤ ከዚህ ዓይነት ሞት ግን ይጠብቃል። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና አቅመ ደካማ ያለበት ቤት ደግሞ ጥሬ በቆልት ጭራሽ መግባት የለበትም።

ሁለት ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ማሽላ ሲበቅል ዱሪን የሚባል ውህድ ይሠራል፤ ይህ ሲላመጥ ሳይናይድ ይለቃል። ስለዚህ እርጥብ የማሽላ ቡቃያ እንደ ምስር በቆልት አይበላም፤ ለብቅል ሲሆንም ይደርቃል፣ ሥሩና ቡቃያው ይራገፋል፣ ከዚያም ይበስላል። ጓያም አለ። በረኀብ ዘመን ብዙ ሰው ሽባ ያደረገው የጓያ መርዝ በማብቀል አይጠፋም፤ «ከበቀለ ችግር የለውም» ብሎ ለልጅ መስጠት አደገኛ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በየዕለቱ ቃሪያ በሚበላበት ቤት ለቫይታሚን ሲ ተብሎ በቆልት ማዘጋጀት ግድ አይደለም። አንድ ትኩስ ቃሪያ ከአንድ ሰሃን የምስር በቆልት ጋር ይወዳደራል። በቆልት የሚያስፈልገው ቃሪያ በሌለበት ነው፤ በበጋ አትክልት በሚጠፋበት ቆላ፣ በድርቅ ዓመት፣ እርዳታ በሚጠበቅበት ካምፕ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ በህንድ ፑንጃብ ሒሳር በተባለ አውራጃ ድርቅ ገብቶ በረኀብ መጠለያዎቹ ስከርቪ ሲነሳ፣ ሐኪሞቹ ሎሚ ከሩቅ ለማስመጣት አልጠበቁም፤ በየመጋዘኑ የነበረውን ሽምብራ አጎንቁለው አደሉ፣ በሽታውም ተገታ። ከዚያ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፎ፣ በ1980ዎቹ፣ በሶማሊያና በምሥራቅ ሱዳን በነበሩ ካምፖች የተጠለሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በስከርቪ ታመሙ። በካምፑ በቆዩ ቁጥር በሽታው ይበረታባቸው ነበር። የሚታደላቸው እህል፣ ዱቄት፣ ዘይትና ጥራጥሬ ነበር፤ ትኩስ ነገር አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታወቀ ነገር በ1980ዎቹ የወገኖቻችን ድድ እስኪደማ ድረስ ተረስቶ መቆየቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቸልተኝነት ብቻ ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማጎንቆል ውሃ ይፈልጋል፤ ለመጠጥ በማይበቃበት ቦታ ጥራጥሬ በቀን ሁለት ጊዜ እጠቡ ማለት ይከብዳል። የማገዶው ጉዳይ እንኳ የተሻለ ነው፣ የጎነቆለ ጥራጥሬ ከደረቁ ቶሎ ይበስላልና። ትልቁ እንቅፋት ግን ሌላ ነው፤ እርዳታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተከክቶ ነው። ክክ ቶሎ ይበስላል፣ ለማጓጓዝም ይመቻል፤ ነገር ግን ሲከካ ፅንሱ ተጎድቷል ወይም ረግፏል፣ ስለዚህ ስንት ቀን ቢዘፈዘፍ ይሸታል እንጂ አይጎነቁልም። ግዢውን የሚወስኑ ሰዎች ከጥራጥሬው ቢያንስ ከፊሉ ድፍን እንዲሆን ቢያዝዙ ዋጋው ብዙም አይለወጥም።

ድፍን መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ በሙቅ መጋዘን ዓመታት የቆየ ዘር ፅንሱ ይሞታል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከጆንያው 100 ፍሬ ቆጥሮ መዘፍዘፍ፣ በማግስቱ ውሃውን ደፍቶ በእርጥብ ጨርቅ መሸፈንና በሦስተኛው ቀን ስንቱ እንደ ጎነቆለ መቁጠር ነው። ሰማንያና ዘጠናው ነጭ ጫፍ ካወጣ ያ ምስር ለበቆልት ይሆናል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ የቀረው ስለሚበሰብስ ለወጥ ይዋል፣ ለበቆልቱም ሌላ ጆንያ ይፈተሽ።